ጃቫ ከአንድ ኩባንያ እጅ እንዴት ወጣ?

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ለፕሮግራመሮች አንድ ቃል ገብቶ ነበር፦ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ቃሉን የሚያስጠብቀው በፕሮግራሙና በኮምፒውተሩ መካከል ሆኖ ኮዱን የሚያስኬደው ቨርችዋል ማሽን ነው። ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይቆይ ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቶች ትልልቅ ሥራዎቻቸውን በጃቫ ላይ አቆሙ። ጃቫን አውርዶ ለመጠቀም ገንዘብ አይጠየቅም ነበር። ኮዱን አሻሽሎ ለሌላ ማስተላለፍ ግን ያለ ሰን ፈቃድ አይቻልም ነበር። በሰው መሬት ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው፤ ኪራይ ባይከፈልም የመጨረሻው ቃል የባለመሬቱ ነው።

ሰን ኮዱን አጥብቆ የያዘው ያለ ምክንያት አልነበረም። ማይክሮሶፍት ከስምምነታችን ውጭ ከዊንዶውስ ጋር የተቆራኘ ጃቫ አዘጋጅቷል ሲል በ1997 ከሰሰው፤ ጉዳዩ በ2001 ማይክሮሶፍት 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በስምምነት አለቀ። ኮዱ ከተከፈተ ጃቫ ይበጣጠሳል የሚለውን ስጋት ይህ ጠብ አባባሰው።

የስጋቱን ዋጋ የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው። የነፃ ሶፍትዌር አልሚዎች በ1998 በጂኤንዩ ክላስፓዝ፣ በ2005 ደግሞ በአፓቺ ሃርመኒ፣ ያለውን ነገር ከባዶ እንደገና ለመጻፍ ተገደዱ። በ2004 የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስታልማን ነፃ ፕሮግራም ነፃ ባልሆነ መድረክ ላይ ከተደገፈ ወጥመድ ውስጥ ገብቷል ሲል አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት አይቢኤምም ሰን ጃቫን እንዲከፍት በይፋ ጠየቀ።

ውሳኔው ኅዳር 2006 መጣ። ሰን ሊኑክስ በሚሰራጭበት የጂፒኤል ፈቃድ ሁለተኛ እትም መጀመሪያ ቨርችዋል ማሽኑንና ኮምፓይለሩን፣ በግንቦት 2007 ደግሞ አብዛኛውን ላይብረሪ ለቀቀ። በዚህ ፈቃድ ኮዱን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ ማሻሻያውን በዚያው ፈቃድ ማካፈል ግዴታው ነው። ላይብረሪዎቹን በሚመለከት ግን ልዩ አንቀጽ ታከለ፦ በጃቫ ላይ የራሱን ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የዚያን ፕሮግራም ኮድ ለመክፈት አይገደድም። ይህ አንቀጽ ባይኖር ባንኮቹ ክፍቱን ጃቫ ሊሸሹት ይችሉ ነበር። ሰን መብቱ ስላልነበረው ሊለቃቸው ያልቻለ የፊደል ቅርጽና የድምፅ ክፍሎችም ነበሩ። ሬድ ሃት ክፍተቱን በአይስድቲ ፕሮጀክት ለመሙላት ተነሣ፤ በ2008 ይኸው ሥራ የጃቫን የተኳኋኝነት ፈተና አለፈ።

ያ ፈተና ራሱ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። አንድ ሥራ ከጃቫ ጋር ይስማማል ለመባል ሊያልፈው ይገባል። ሰን የሃርመኒ ባለቤት የሆነው አፓቺ ፈተናውን እንዲጠቀም ያቀረበው ውል ውጤቱ የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች የሚገድብ ነበር። አፓቺ በ2007 በይፋ ተቃወመ፤ መፍትሔ ሲያጣ በ2010 መጨረሻ ከጃቫ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ወጣ፤ ሃርመኒም በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ። ኮዱ ተከፍቶ ሳለ ፈተናው፣ ስሙና ውሳኔው አሁንም በአንድ ኩባንያ እጅ ነበሩ።

የ2006ቱ ውሳኔ እውነተኛ ክብደት የታየው ባለቤቱ ሲለወጥ ነው። ኦራክል በ2010 ሰንን ጠቅልሎ ገዛ፤ በዚያው ዓመት በአንድሮይድ ውስጥ ጃቫን ያለ ፈቃድ ተጠቅሟል ሲል ጉግልን ከሰሰ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ለጉግል እስኪፈርድ ክርክሩ አሥር ዓመት አለፈው። በ2019 ደግሞ ኦራክል የራሱን የጃቫ ቅጂ ማሻሻያዎች ለንግድ ሥራ በሚጠቀሙ ላይ ክፍያ ጣለ። ሆኖም ኦፕን ጄዲኬ የተባለው ክፍት ኮድ ከእጁ ወጥቷል። አማዞንና ሬድ ሃትን የመሰሉ ድርጅቶች ከዚያው ኮድ የራሳቸውን ቅጂ ገንብተው አቀረቡ። ኦራክል በቅጂው ላይ ዋጋ መጣል ቻለ፤ የተሰጠውን ኮድ መልሶ መውሰድ ግን አልቻለም።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተጻፈው በጃቫ ነው። የሕዝብ ሥራ በአንድ መድረክ ላይ ሲቆም ዛሬ በነፃ ይገኛል ማለት አይበቃም። ፈቃዱ ምን ይላል? ስሙና ፈተናው በማን እጅ ነው? ባለቤቱ ነገ ቢለወጥ ሥራውን የሚቀጥል ሌላ አለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ውል ከመፈረሙ በፊት መልስ ማግኘት አለባቸው።