አረንጓዴ ድንች ከማዕድ ይራቅ

ድንች የእምቧይ ዘመድ መሆኑን ያውቃሉ? ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ አገራችን እንዳስገባው የሚነገርለት ይህ ተክል፣ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ ራሱ አይጎዳም፤ ነገር ግን ሶላኒን የተባለው መርዝ ሳይበዛ እንዳልቀረ ይጠቁማል። መምረሩም ሌላ ምልክት ነው። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ 78 ተማሪዎች በትምህርት ቤት ምሳ በበሉት ድንች ታመዋል።

እንደ ኩርሙክ ባለ ሞቃት ቆላ፣ ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ድንች አይግዙ። የገዙትንም ከብርሃን ይሰውሩ፤ ቡቃያውን ነቅለው ይጣሉ። ምግብ መድፋት ያሳዝናል፤ ሆኖም በጣም አረንጓዴ የሆነውንና የሚመረውን መጣል ልጆችን ከትውከትና ከተቅማጥ ማዳን እንጂ ብክነት አይደለም።