አዲስ አበባን ለሁለት የሚከፍል ስፔስ

ከአትላንታ ከተማ አጠገብ፣ በዲካልብ ካውንቲ ባለችው ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ እኔና ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በፊደል ገበታ ላይ ዋልን። የምንሠራው ለልጆች የፊደል መለማመጃ ነው። 231ዱን ፊደል አንድ በአንድ ከመተየብ ብዬ ገበታውን ራሱ የሚጽፍ ስክሪፕት አዘጋጀሁ፤ ኮድ የሚጽፍ ኮድ ማለት ነው።

ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለየቤቱ 8 ተከታታይ ቦታ ተሰጥቶታል። ሀ 1200 ላይ ቢሆን ለ 1208፣ ሐ 1210 ላይ ነው (አቆጣጠሩ በ16 መደብ ስለሆነ አይደናገራችሁ)። ዲቃሎቹን እየዘለሉ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ መቁጠር ብቻ ይበቃል።

በእኔ ኮምፒውተር ሠራ። ጓደኛዬ በራሱ ሲያስኬደው ግን በለ ፈንታ ባክስላሽ፣ አንድ የላቲን ፊደልና 1208 ወጣለት። «አማርኛ አያውቅም እንዴ ይሄ?» አለኝ።

አማርኛማ ያውቃል፤ የተለያየው ሼሉ ነው። ሼል የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሲሆን ዓይነቱ ብዙ ነው። እኔ የሞከርኩት በባሽ ነበር፤ እሱ ያስኬደው «ኤስኤች» በሚለው አጭር ስም ነው። ያ ስም በኡቡንቱ ከ2006 ወዲህ የሚጠራው ባሽን ሳይሆን ቀለል ያለውን ዳሽን ነው። የዩኒኮድን ቁጥር ወደ ፊደል መለወጥ ባሽ በ4.2 ዕትሙ የጀመረው ልማድ ነው፤ ዳሽ አያውቀውም፣ ከማክ ጋር የሚመጣው ባሽ 3.2ም አያውቀውም። መፍትሔው ፊደሉን በባይቶቹ መጻፍ ነበር። \341\210\210 ብለው «ፕሪንትኤፍ» ለተባለው ትእዛዝ ቢሰጡት ሦስቱም ጋ ለ ሆኖ ይወጣል። «ኢኮ»ን ግን አትመኑት፤ ባክስላሽ ሲያይ ዳሽ ይተረጉመዋል፣ ባሽ እንዳለ ይተወዋል።

ቀጥሎ ያደከመን የማይታየው ነገር ነው። ስክሪፕታችን ሜክ ለተባለው መሣሪያ የሚሆን ፋይልም ይጽፋል። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 በቤል ላብስ ሜክን ሲሠራ የትእዛዝ መስመር ሁሉ በታብ እንዲጀምር አደረገ። ነገሩ እንደማያምር ቢያውቅም ደርዘን የሚያህሉ ተጠቃሚዎች ስለነበሩት ሊያስቀይማቸው አልፈለገም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዓለም በሙሉ ይከፍላል። እኔ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ፋይል የማፈስበትን ትእዛዝ ሰረዝ ጨምሬበት ኖሯል። ያ ሰረዝ ከየመስመሩ መጀመሪያ ታብን እየላጠ ይጥላል። ሜክ የሚፈልገውን ታብ በገዛ እጄ አስበላሁት።

ከሁሉ የሚከፋው ስፔስ ነው። ፋይሉን «አዲስ አበባ» ብላችሁ ሰይማችሁ ስሙን በተለዋዋጭ ብታስቀምጡና ያለ ጥቅስ ምልክት ብትጠሩት፣ ባሽም ዳሽም «አዲስ» እና «አበባ» የሚሉ ሁለት ፋይሎች ፍለጋ ይሄዳሉ። የማኩ ዚሼል ግን አይከፍለውም፤ ስለዚህ ስሕተቱ እዚያ ተደብቆ ሌላ ቦታ ይፈነዳል።

«አዲስ፡አበባ» ብንለው ኖሮ ማንም አይከፍለውም ነበር። አባቶቻችን በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ሲያኖሩ ክፍተቱን ለዓይን አሳይተውናል፤ ሼል ግን የሚያውቀው ስፔስን፣ ታብንና አዲስ መስመርን ብቻ ነው። የሰፈሩ ስም ድሩይድ የጥንት ኬልቶችን ካህናት ያስታውሳልና አንድ ነገር ልጨምር። ኦጋም የተባለው የአየርላንድ ጥንታዊ ጽሕፈት በዚያው በ3.0 ዕትም ነው ዩኒኮድ የገባው። የቃል መለያው በብዙ ፎንት ላይ መስመር ሆኖ የሚታይ ሳለ ዩኒኮድ ከባዶ ቦታ ቆጠረለት። የእኛን ሁለት ነጥብ ግን ከሥርዓተ ነጥብ መደበው። አድልዎ ይመስለኛል።

ስክሪፕት የምትጽፉ ሁሉ፣ ለሰው ከመላካችሁ በፊት አንዴ በዳሽ አስኪዱት፤ ተለዋዋጩንም በጥቅስ ምልክት ክበቡት።