ሞተሯ የተሠራ ቮልስ ስትሸጥ

አዲስ አበባ ቮልስ የሚላት ቮልስዋገን ቢትል ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋና የነዳጅ ታንኳ ከፊት የሆነ፣ ራዲያተር የሌላት ባለ ሁለት በር የቤት መኪና ናት። ንድፏን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው፤ በብዛት የተመረተችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በጀርመኗ የቮልፍስቡርግ ከተማ ነበር። የመጨረሻዋ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተመርተዋል። ኢትዮጵያ በንጉሡ ዘመን የለመደቻት መኪና ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር።

ይህን ያህል ያረጀች መኪና ዛሬም ገዥ አታጣም። ናፍቆት ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት የመኪና ውድነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ከውጭ ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና እየተጠገነ ይዞራል። ለሽያጭ ከሚቀርቡት ቮልሶች መካከል ሁለት ዓይነቶች ጎልተው ይታያሉ፤ አንደኛዋ ሞተሯ ተሠርቶ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ሁለተኛዋ ቀለሟ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ሞተሯ ግን ያልተነካ። ብዙ ገዥ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሁለተኛዋ ነው፤ አትራፊዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንደኛዋ ናት።

«ሞተሯ የተሠራ» የሚለው አነጋገር ሰፊ ነው። ሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው በጀርባቸው የተኙ አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ ጉልበቱ በ1200ው 34፣ በ1300ው 40፣ በ1600ው 50 የፈረስ ጉልበት ነው። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያወርደው ይችላል። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚመጣው፤ አንዱ መካኒክ አውርዶ ፋሻ ብቻ ይቀይርና ይመልሰዋል፤ ሌላው የሞተሩን ቤት ለሁለት ከፍሎ፣ ዋናውን ዘንግ አስለክቶ፣ ኩሽኔታዎቹን፣ ፒስቶንና ሲሊንደሮቹን ለውጦ፣ ቴስታታዎቹን አስጠርቦ ይገጥማል። ሁለቱም በማስታወቂያ ላይ አንድ ስም ነው ያላቸው።

ልዩነቱን ለማወቅ ሞተር መፍታት አያስፈልግም። ሞተሩ እንደጠፋ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ታችኛውን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብና ወደ ፊት መግፋት ነው። በትክክል በተገጠመ ሞተር የዘንጉ ውጣ ገባ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እጅ አይሰማውም ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ወሰን 0.15 ነው። ፑሌጃው «ቋ» ብሎ ከተንቀሳቀሰ፣ የሞተሩ ቤት አልተከፈተም፣ ወይም ተከፍቶ በቅጡ አልተሠራም። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ ሳያሞቅ መጠበቁ ነው። የቀዘቀዘ ሞተር በመጀመሪያው አነሳስ ላይ ሰማያዊ ጭስ ካላወጣ፣ ሲሞቅም የዘይት መብራቱ በዝግታ ዑደት ካልበራ ጥሩ ምልክት ነው። ሞተሩን አሙቆ ገዥ የሚጠብቅ ሻጭ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።

ከዓመተ ምርቷ ጋር የሚሄድ አንድ ድክመት አለ። ከእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ከፋኑ የሚመጣው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ ይሞቃል። በኋላ ማቀዝቀዣው የራሱ መተላለፊያ ተሠርቶለት ከመንገዱ ወጣ። የድሮውን ሞተር የሠራ ባለሙያ ሦስተኛውን ሲሊንደር ለብቻው ማየቱን መናገር መቻል አለበት።

ዳገት ላይ መድከሟ እንደ ጉድለት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ አግባብ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራቶር ያለው ማንኛውም ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ ያጣል። አርባ የፈረስ ጉልበት ይዞ የተሠራ ሞተር እንጦጦን ሲወጣ ሠላሳ ገደማ ቢቀረው የመካኒኩ ጥፋት አይደለም።

ጥቃቅን ጉድለቶች የሚባሉት ብዙዎቹ በእርግጥ ጥቃቅን ናቸው። ፓራፋንጎዎቹ በቡሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ የተጨራመተውን ፈትቶ መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የደረቁ የመስኮት ጎሚኒዎች፣ የተቀደደ ወንበር፣ የማይሠራ የነዳጅ ጌጅ፣ የደበዘዘ ፓራውልት ሁሉም ዕቃቸው ይገኛል። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ አለመርጨትም እንዲሁ ነው፤ ውኃውን የሚገፋው ከስኮርት ጎማ የሚመጣ አየር ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጎማውን መንፋት ብቻ ነው።

ጥቃቅን ያልሆኑት ከእይታ የራቁት ናቸው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የፈሰሰው አሲድ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል። ከበሮቹ ሥር የሚያልፉት የሙቀት ቱቦዎች አካሉን የሚያጠነክሩም ናቸው፤ ከዛጉ የመኪናዋ ወገብ ዛገ ማለት ነው። ስኮርት ጎማ የሚተኛበት ጉድጓድም ውኃ ያቁራል። ባትላሜራው ዝገቱን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በመበየድ ፈንታ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ከቀባው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ያጋልጠዋል፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። አዲስ ቀለም ጥርጣሬ የሚያስነሳው ለዚህ ነው። ያረጀው ቀለም ግን ከሥሩ ያለውን አይደብቅም። ከሁሉ የሚያስፈራው ርካሹ ዕቃ፣ የነዳጅ ጎማ ቱቦው ነው፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ነዳጅ በጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። ሻጭ ከመኪናዋ ጋር አዲስ ቱቦ ገጥሞ ቢያቀርብ ከአንድ ኮት ቀለም የበለጠ ይጠቅመዋል።

ዋጋዋን ከፍ የሚያደርገው ዕድሜዋና ሳይነካካ የቆየው ዕቃዋ ነው። የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለው እ.ኤ.አ. እስከ 1953፣ ሞላላው እስከ 1957 የተሠሩት ስለሆኑ ሰብሳቢ የሚፈልጋቸው እነዚህን ነው። የተለመደችው ባለ ሰፊ መስታወት ቮልስ በዋናነት የምትመዘነው በሞተሯና በወለሏ ነው።

ሽያጩ ሲደርስ ከጭረት ሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ወረቀት ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው ቦይ ላይ ተመትቷል፤ የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ይገኛል። የቮልስ ሞተር በቀላሉ ስለሚወርድ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ የተለዋወጠባት ብዙ ናት፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተገጣጠመ ስም ማዞሩ ይቆማል። ይህን አስቀድሞ ያስተካከለ፣ ቦሎውን ያደሰ፣ የእገዳና የዕዳ ነፃነቱን ያረጋገጠ ሻጭ ከደላላ ጋር ሲከራከር እጁ ይጠነክራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዥው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ግን አይጠየቅም። ስለዚህ «ግራ ፓራፋንጎ የተጨራመተ፣ የነዳጅ ጌጅ የማይሠራ» ብሎ በውሉ ላይ ማስፈር ሻጩን ራሱን ይጠብቃል። ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ከተረጋገጠ በኋላ ስሙ ይዞራል፤ ከቁልፉ ጋር የመለዋወጫ ደረሰኞቹንና የመካኒኩን ስልክ መስጠት የተለመደ ነው። አዲስ የተሠራ ሞተር ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ 2.5 ሊትር ዘይቱ ተቀይሮ፣ የቫልቮላ ክፍተቱ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ እንደገና ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር መስተካከል ስላለበት፣ የሽያጩ ቀን ከዚያ በፊት ከሆነ ይህ ሥራ የማን እንደሚሆንም በውሉ ይጻፋል።