ቃለ መጠይቁ የቀጣሪውም ፈተና ነው



በሐረር ከተማ፣ በጁገል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ቤተሰቡ በሙሉ ዱዓ ያደርጋል። የሚያሳስበን ግን ልጁ «እወድቅ ይሆን?» ብሎ ሲጨነቅ ጠያቂው ራሱ ምን ዓይነት ሰው መሆኑን ሳያይ መውጣቱ ነው።

በቁርኣን፣ በሱረቱል ቀሶስ፣ አንድ የቅጥር ንግግር ተተርኳል። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ ብርቱና ታማኝ መሆናቸውን ለአባቷ መሰከረች። አባትየው ግን ሠራተኛውን መዝነው ብቻ አላበቁም። የአገልግሎቱ ዘመን ስምንት ዓመት መሆኑን፣ አሥር ቢሞላ በሙሳ ፈቃድ እንደሆነ፣ በምላሹ ከልጆቻቸው አንዷን እንደሚድሩላቸው፣ ሊያስቸግሯቸውም እንደማይሹ አስቀድመው ተናገሩ። ሙሳም ከሁለቱ ጊዜያት የትኛውንም ቢፈጽሙ በደል እንዳይደርስባቸው ተናግረው አላህን ምስክር አደረጉ። ይህ ሁሉ የተነገረው ለስደተኛና ለዘመድ አልባ ሰው ነው። «ችግረኛ አይጠይቅም» የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያነቡት ምንኛ መልካም ነበር!

እንግዲህ ደመወዙ ስንት ነው ሲባል «ሥራህን እንይና አንጣላም» የሚል ቀጣሪ የመጀመሪያውን ምልክት ሰጥቷል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈል፣ ዘመኑንም መግለጽ አለበት። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ በጽሑፍ ይሰጣል። ሙከራም በጽሑፍ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። «ስድስት ወር በሙከራ» የሚል ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ሠራተኛው እንደማያውቅ ተማምኗል።

ዋናውን የትምህርት ማስረጃ እኛ ዘንድ ይቀመጥ ማለት፣ የመመዝገቢያ ገንዘብ መጠየቅ፣ የቀድሞው ሠራተኛ ለምን ለቀቀ ሲባል መቆጣትም መልካም ምልክቶች አይደሉም። እህቶች በምሽት ወይም ከቢሮ ውጭ ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ብቻቸውን ባይሄዱ እንመክራለን። የሶላትንና የጁሙዓን ሰዓት፣ የሒጃብንም ጉዳይ በዚያው ቀን ማንሳት ይሻላል። «የምትወጣበትን ሰዓት በሌላ ጊዜ ታካክሳለህ» የሚል ፊቱ የማይፈታ ቀጣሪ፣ «ኧረ ችግር የለም» ብሎ ከሚሸነግለው ይልቅ ይታመናል።

ወደ ዓረብ አገር በሚኬድበት ጊዜ ደግሞ ጠያቂው ቀጣሪው ሳይሆን ደላላው ነው፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይላክም፤ የቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ወጪም የአሠሪው ነው። «ዕድሜሽን ጨምረሽ ጻፊ» ወይም «የትኬቱን ተበድረሽ አምጪ» ያለ ሰው ፊት ተቀምጦ መቆየት አያስፈልግም።

አድማጮቻችን፣ ቀጣሪዎቹ ሌሎች ብቻ አይደሉም። ከገጠር የምትመጣውን የቤት ሠራተኛ በየቤታችን የምንቀጥረው እኛው ነን። ከላይ የጠቀስነው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እሷን አይሸፍናትም፤ ስለዚህ ያላት መተማመኛ በመጀመሪያው ቀን የተነገራት ቃል ነው። ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው በትንሣኤ ቀን አላህ ራሱ ባላጋራው እንደሚሆን በቡኻሪ ተዘግቧል። ደመወዟን፣ የምትከፈልበትን ቀን፣ የዕረፍት ጊዜዋንና የምትተኛበትን ቦታ ያመጣት ዘመዷ ባለበት እንንገራት፤ መጻፍ የሚችል ካለም ይጻፍላትና አንዱ ቅጂ በእጇ ይቆይ።