ከጃንጎ ጓዳ፦ አብሮ የሚጫነው ሸክምና ቢላዋው የሚያርፍበት ቦታ

ጠጋ በሉ፣ ይህ አደባባይ ላይ ብዙም አይወራም። የጃንጎ ድረ ገጽ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚወቀሰው ዳታቤዙ ነው፣ ቀጥሎ ሰርቨሩ፣ በመጨረሻ ኔትወርኩ። ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚመጣውን ጃቫስክሪፕት አውጥቶ የሚመዝን ግን እምብዛም የለም።

ጃንጎ በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ፣ በፓይተን የተጻፈ የሰርቨር ሶፍትዌር ነው። ብዙዎችን የሳበው አድሚን የሚባለው የአስተዳዳሪ ገጽ ነው፤ ዜና የሚጭን አርታኢም ሆነ ዕቃ የሚመዘግብ ሠራተኛ የሚውለው እዚያ ነው። አድሚን ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን ሦስት ላይብረሪዎች ይዞ ይመጣል፦ ጄኩዌሪ፣ ሴሌክት2 እና ኤክስሬግኤክስፕ። ሁለቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። ሦስተኛውን ግን ጃንጎ ላይ ያረጀ ባለሙያ እንኳ ምን እንደሚሠራ ብትጠይቁት ጥቂት ያስባል።

ሥራው አንዲት ናት። አርታኢው ርዕስ ሲጽፍ ከሥሩ ያለውን የአድራሻ ጭራ፣ ስላግ የምንለውን፣ በራሷ የምትሞላ ትንሽ ኮድ አለች። ይህች ኮድ ኤክስሬግኤክስፕን ሁለት ነገር ብቻ ትጠይቀዋለች፦ ይህ ምልክት ፊደል ነው? ቁጥርስ ነው? የላይብረሪው ሙሉ ጥቅል ግን የየአጻጻፍ ሥርዓቱን ሰንጠረዥ፣ የዩኒኮድን ክፍልፋዮችና ልዩ ልዩ ባሕርያት፣ ከዚያም አልፎ አድሚን ጠርቷቸው የማያውቅ ችሎታዎችን አሸክሞ ይልካል። ለአንድ ጀበና ቡና ጆንያ ሙሉ መግዛት በሉት።

ሸክሙ በዚህ አያበቃም። ፋይሉ ስላግ የሚባል ነገር በሌለበት የማስተካከያ ገጽም ይጫናል። ጃንጎ ውስጥ ደግሞ በሁለት ቅጂ ተቀምጧል፦ አንዱ ሰው የሚያነበው፣ አንዱ የተጨመቀው። የሙከራ ቅንብሩ ክፍት ከሆነ ወደ ብራውዘር የሚሄደው ትልቁ ነው። እናም ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር በሙከራ ቅንብር እየሮጠ ካያችሁ፣ ከደኅንነቱ አደጋ በተጨማሪ ተጠቃሚው ያልተጨመቀውን ፋይል በራሱ ዳታ እየከፈለ ያወርዳል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አልወጣም? በጊዜው በቂ ምክንያት ነበረው። ጃንጎ በላቲን ፊደል ያልተጻፈ ስላግ መቀበል የጀመረው በ1.9 ልቀት፣ በታኅሣሥ 2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ያኔ ብራውዘሮች ፊደልን ከሌላ ምልክት በዩኒኮድ ለይተው አያውቁም ነበር። ችሎታው በጃቫስክሪፕት ደረጃ ውስጥ የገባው በ2018 ሲሆን፣ ክሮምና ሳፋሪ በዚያው ዓመት ተቀበሉት። ፋየርፎክስ ግን እስከ 78ኛ ልቀቱ፣ እስከ ሰኔ 2020 መጨረሻ አስጠበቀ። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ሰንጠረዥ አንድ አጭር መስመር ይተካዋል። ችግሩ እንዲህ ያለ ሸክም አይጮኽም። ስህተት አያወጣም፣ ቅሬታ አያስነሳም፤ ሥራ የሚበዛበት ቡድን ደግሞ የማይጮኸውን አይነካም።

አሁን ወደ ቢላዋው እንምጣ። ሦስት መንገድ አለ፦ ላይብረሪውን አስፈላጊ በሆኑት ሰንጠረዦች ብቻ እንደገና መገንባት፣ ጨርሶ አውጥቶ ሥራውን ለብራውዘሩ መስጠት፣ ወይም ሰንጠረዡን በእጅ ማሳጠር። በሦስተኛው አትታለሉ፤ የግዕዝ ፊደል የሚጎዳው እዚያ ነው።

ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ሲታይ ከ1200 እስከ 137ኤፍ የተዘረጋ አንድ ሰፈር ይመስላል። ውስጡ ግን ክፍተት አለው። ለምሳሌ "ቈ" አምስት ዘር እንጂ ሰባት ስለሌላት፣ እሷ ከተቀመጠችበት 1248 ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ "ቊ" የምትገኘው አንድ ቤት ዘልላ ነው። ሰንጠረዡ እንዲህ የተቆራረጠው ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው "ምን ይህን ሁሉ ይጻፋል" ብሎ ሰፈሩን በሙሉ ፊደል ቢያደርገው ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም አብረው ፊደል ሆነው ይገባሉ። ያኔ አድሚን የሞላውን ስላግ ሰርቨሩ "አይሆንም" ብሎ ይመልሰዋል፤ ለአርታኢው ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ቁጥር ላይም ሌላ ወጥመድ አለ። የግዕዝ አኃዞች በዩኒኮድ ቁጥር ናቸው፤ ነገር ግን ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች ከተመደቡበት ንዑስ ክፍል ውጭ ነው የተቀመጡት። "ቁጥር" የሚለውን ወደዚያ ንዑስ ክፍል ያጠበበ ሰው ጥቂት ባይት ያተርፋል፣ ፳፻፲፯ ግን ከርዕሱ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ጥቅሉ ውስጥ "ኢትዮፒክ" የሚል ስም ያለው ሰንጠረዥ አለ። ስሙን ሲያዩ ብዙዎች መቁረጥ ይፈራሉ። ያለ ስጋት ቁረጡት፤ አድሚን አይጠራውም። ሀሁ የሚኖሩት ስማችን ባልተጻፈበት፣ "ፊደል" በሚለው አጠቃላይ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። እጃችሁን የምትሰበስቡት እዚያ ስትደርሱ ነው።

ጄኩዌሪንም ለማሳጠር የሚሞክር አይጠፋም። በ2016 የወጣው ቀጭን ቅጂ አኒሜሽንና ከሰርቨር ጋር በጀርባ የሚነጋገረው ክፍል ተነሥቶለታል። አድሚን ላይ ብትጭኑት ገጾቹ ሲከፈቱ ደህና ይመስላሉ። አንድ ሰው እየጻፈ የሚመርጥበትን ሳጥን ሲነካ ግን ዝርዝሩ አይመጣም፤ ሴሌክት2 የሚፈልገው የተቆረጠውን ክፍል ነውና።

አንድ ሹክ ልበላችሁ፦ "ይህን ያህል ኪሎባይት ቀነስን" ሲባል የትኛው ኪሎባይት እንደሆነ ጠይቁ። ጄኩዌሪ 3 ሲጨመቅ ወደ 88 ኪሎባይት ነው፤ በጂዚፕ ሲታሸግ 30 ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው፤ ሪፖርት ላይ ግን የሚጻፈው ለጻፊው የሚያምረው ነው። ጂዚፑ መሥራቱንም አጣሩ። ኤንጂንኤክስ ላይ ጂዚፕ ሳይከፍቱት ዝግ ነው፤ ከፍታችሁት እንኳ በራሱ የሚያሽገው ኤችቲኤምኤልን ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕትን በስም ካላስገባችሁለት ፋይሉን እንዳለ ይልከዋል። ላይብረሪ ሲቆራርጡ ሳምንት ከማባከን፣ ይህችን አንዲት መስመር መጻፍ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

እናም የቆረጠ ሰው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አንድ የዩኒኮድ ስላግ የሚቀበል ገጽ ይክፈትና ርዕሱ ላይ እነዚህን ይጻፍ፦ "ቊጥር"፣ "አዲስ፡አበባ"፣ "፳፻፲፯"። የመጀመሪያውና የመጨረሻው እንዳሉ ሊወጡ ይገባል፤ ከመካከለኛው ሁለት ነጥቡ ብቻ ይወድቃል። ከዚህ የተለየ ነገር ከታየ የተቆረጠው ሥጋው ነውና ቢላዋው ወደ ሰገባው ይመለስ።