በስዕሉና በሶሌታው መካከል የቆመ ባለሙያ

ስላምፕ ኮን የሚባለው መሣሪያ ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ የብረት ቀፎ ነው። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛው አፉ 20፣ የላይኛው ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ሰልጣኙ የኮኑን ሁለት ክንፎች በእግሮቹ ረግጦ ይይዛል። ጓደኛው ከሚክሰር የወጣውን ኮንክሪት በሦስት ዙር ይሞላበታል፤ እያንዳንዱ ዙር ጫፉ በዶለዶመ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ከዚያ ኮኑ ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ድጋፉን ያጣው ኮንክሪት ዝቅ ይላል። ኮኑ ከጎኑ ተገልብጦ ይቀመጥና ዘንጉ በላዩ ይጋደማል፤ ኮንክሪቱ ከዘንጉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ በሜትር ይለካል። ከተፈቀደው በላይ ከወረደ ሚክሰሩ ውስጥ ውሃ በዝቷል ማለት ነውና፣ ያ ኮንክሪት ሶሌታው (የፎቁ ወለል) ላይ መፍሰስ የለበትም።

ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በሲቪል ቴክኖሎጂ ትምህርት ውስጥ ግን ከዚህ የበለጠ ሙያውን የሚያሳይ ልምምድ ማግኘት ይከብዳል።

በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህ ዘርፍ በሕንፃ ግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በቅየሳ፣ በድራፍቲንግ፣ በውሃና ሳኒቴሽን ተከፋፍሎ ይሰጣል። ስልጠናው በደረጃ ነው። ሰልጣኙ ኮሌጁን ስለጨረሰ ብቻ ብቁ አይባልም፤ ሁሉም «ሲኦሲ» ብሎ የሚጠራውን የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ነው። ግንብ ሲሠራ፣ ፌሮ ሲያስር፣ ሌቭል የሚባለውን የከፍታ መለኪያ ሲያነብ መዛኝ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል።

ብዙ ወላጆች «ልጄ መሐንዲስ መሆን አቅቶት ቴክኒክ ገባ» ሲሉ ይሰማል። አባባሉ ሙያውን በደንብ ካለማወቅ የመጣ ነው። መሐንዲሱ የሕንፃውን ጭነት አስልቶ ስዕሉን ያወጣል፤ ግንበኛው፣ አናጢውና ፌራዮው በእጃቸው ይሠራሉ። በሁለቱ መካከል ስዕሉን አንብቦ ወደ መሬት የሚያወርድ፣ የሚለካ፣ የሚፈትን፣ የተሠራውን በወረቀት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የምህንድስና ትምህርት ዕውቅናም ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት የመሐንዲሶችን ትምህርት ይመለከታል፤ በ2001 የሲድኒ ስምምነት ለቴክኖሎጂስቶች፣ በ2002 ደግሞ የደብሊን ስምምነት ለቴክኒሻኖች ለየብቻ ወጡ። ሦስቱም የየራሳቸው መለኪያ አላቸው።

ወደ ውሃው እንመለስ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ደፍ ኤብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጥናቱ የኮንክሪት ጥንካሬ በዋናነት የሚወሰነው በውሃውና በሲሚንቶው ምጥጥን መሆኑን አሳየ። ውሃው በበዛ ቁጥር ኮንክሪቱ ይደክማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሲሚንቶው ለመጠንከር የሚፈልገው ውሃ ጥቂት ነው፤ የተረፈው ተንኖ ሲወጣ በየቦታው ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ሳይት ላይ ግን ቀጭን ኮንክሪት ለሥራ ይመቻል። በባሬላም ሆነ በባልዲ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣው የቀን ሠራተኛ እንደ ልብ የሚፈሰውን ይመርጣል፤ ሚክሰሩ ላይ የቆመውም «ትንሽ ውሃ ጨምር» ሲባል ይጨምራል። ያን ጊዜ ኮኑን ይዞ «አይሆንም» የሚለው ቴክኒሻኑ ነው። ኮሌጁ ሊሰጠው ከሚገባው ነገር ሁሉ ትልቁ ይህን ቃል በማስረጃ የመናገር አቅም ነው።

ማስረጃው ቀጥሎ በኩብ ይመጣል። ከዚያው ኮንክሪት በየአቅጣጫው 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ የብረት ፎርም ይሞላል፤ በማግስቱ ይፈታል፤ ቀኑና የተሞላበት ቦታ ተጽፎበት ውሃ ውስጥ ይቆያል። አንዳንዱ በ7ኛው፣ አንዳንዱ በ28ኛው ቀን መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ገብቶ እስኪሰበር ይጫናል። ሳይት ላይ ሁሉም የሚያውቀው «ሲ-25» ማለት ኮንክሪቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን መሸከም አለበት ማለት ነው። ለአንድ ኩብ ሲሰላ ወደ 57 ቶን ይጠጋል። በሁለት እጅ የሚያዝ ድንጋይ የሚመስል ነገር ያን ያህል ሲሸከም መርፌው ሲወጣ ማየት፣ ከዚያም በድምፅ ሲፈነዳ መስማት ሰልጣኙ ቁጥርን በቁም ነገር እንዲይዝ ያደርጋል። ኩቡ ካነሰ ደግሞ ጥያቄው ይጀምራል፤ አሸዋው አፈር ነበረው? ጠጠሩ በሳጥን ተለክቷል ወይስ በአካፋ በግምት ተጣለ? ሲሚንቶው ስንት ጊዜ መጋዘን ቆየ?

አፈሩም የራሱ ትምህርት አለው፤ ለአዲስ አበባ ደግሞ የግድ ነው። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃልም። የላዩ ቤት ቀላል ከሆነ አብሮት ይነሳል፤ አብሮት ይወርዳል፤ ግድግዳው ላይ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ ከዚህ የሚመጣ ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 ያስቀመጣቸው ወሰኖች ይህን ባህርይ በቁጥር ለመያዝ ይረዳሉ። ሰልጣኙ የደረቀውን አፈር ፈጭቶ፣ ነፍቶ፣ ከውሃ ጋር እንደ ሊጥ ያቦካዋል። ከዚያ በመዳፉ በመስታወት ላይ እያንከባለለ ያቀጥነዋል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መሰባበር ከጀመረ የአንዱ ወሰን ውሃ ተገኘ። ለሌላው ወሰን አርተር ካሳግራንዴ የነደፈውን የነሐስ ጽዋ ይጠቀማል፤ አፈሩን በመሃል ሰንጥቆ፣ ጽዋውን ከ10 ሚሊ ሜትር ከፍታ ደጋግሞ እየጣለ፣ ስንጥቁ በ25 ምት የሚገጥምበትን የውሃ መጠን ይፈልጋል። የሁለቱ ወሰኖች ልዩነት ሰፊ ከሆነ አፈሩ አስቸጋሪ ነው። ያን ጊዜ ቆፍሮ ማውጣትና ገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ወይም መሠረቱን ጠልቆ ጠንካራ መሬት ማስያዝ ይታሰባል። ጥቅጠቃውም በዓይን ታይቶ የሚፈረድ አይደለም፤ ሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ራልፍ ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1933 ይፋ ባደረገው መንገድ ይፈተናል።

ቅየሳ ደግሞ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሁሉ የሚታይ ትምህርት ነው። ባለሦስት እግሩ ላይ ሌቭል ተተክሎ አንዱ ያያል፤ አንዱ የቁጥር ዘንጉን ይዞ ይቆማል፤ ሦስተኛው ይመዘግባል። ከታወቀ ነጥብ ተነስቶ ዞሮ ያው ነጥብ ላይ ሲደርስ የተነሳበትን ቁጥር ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ስህተቱ እስኪታይ ይደግማል። ጎበዝ አሰልጣኝ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ የቅየሳ መሣሪያ ከማስያዙ በፊት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦን፣ ቱንቢንና ሲባጎን ያስለምዳል። ለቀጥተኛ ማዕዘን 3፣ 4 እና 5 ሜትር የሆነው የሲባጎ ሦስት ማዕዘን ዛሬም የግንበኛው መሣሪያ ነው፤ ባትሪው ያለቀበት ሳይትም በእሱ ይሠራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ትልቅ መሠረት ከጣሉት ተቋማት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ማሰልጠንን፣ ምርምርንና የግንባታ ዕቃዎችን መፈተንን አንድ ላይ ይዞ ተነሳ። ኋላ የዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ልደታ ያለው ግቢው በኪነ ሕንፃና በግንባታ ትምህርት ዛሬም ይታወቃል። ማስተማሩና መፈተኑ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ትልቅ ብልሃት ነበር። የዕቃን ባህርይ ያላየ ሰልጣኝ ሳይት ላይ የነገሩትን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም።

በዛሬዎቹ ኮሌጆች የሚያሳስበውም ይኸው ነው። ሥርዓቱ ስልጠናው በአብዛኛው ተግባር እንዲሆን፣ ከፊሉም በድርጅት ውስጥ በትብብር ስልጠና እንዲሰጥ ይጠይቃል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የልምምድ ሲሚንቶ ነው፤ ሰልጣኞች የገነቡት ግንብ በማግስቱ ፈርሶ ብሎኬቱ ለሚቀጥለው ቡድን ይጠረጋል። ትብብር ስልጠና የወጣውም መጋዘን ጠባቂ ወይም ተላላኪ ሆኖ ወራቱ ሊያልቁበት ይችላሉ። ኮንትራክተሩ ከሰልጣኙ ሊያገኝ የሚችለው ጥቅም ግን እጁ ላይ ነው፤ የኩብ መዝገቡን ያስይዘው፤ የፌሮውን ቁጥርና ክፍተት ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ያስቆጥረው፤ በየቀኑ የገባውን ሲሚንቶ ያስመዝግበው። ሰልጣኙ ይማራል፤ ድርጅቱም ንጹሕ መዝገብ ያገኛል።

የወረቀቱ ሥራ ችላ የሚባል አይደለም። ቴክኦፍ የሚባለው የሥራ መጠን ስሌት ብዙ ተመራቂዎችን እንጀራ ያበላል። 16 ቁጥር ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ይመዝናል፤ 12 ሜትሩ ዘንግ ወደ 19 ኪሎ ይመጣል። ከስዕሉ ላይ እያንዳንዱን ዘንግ፣ መታጠፊያውንና መደራረቢያውን ቆጥሮ በዚህ የሚያባዛ ሰው የአሠሪውንም የኮንትራክተሩንም ገንዘብ ይጠብቃል፤ የክፍያ ሰርተፍኬት የሚሞላውም ከዚሁ ስሌት ተነስቶ ነው። ከዚህ ስልጠና የተነሱ ወጣቶች አንዳንዶቹ ፎርማን፣ አንዳንዶቹ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ወይም ቀያሽ ይሆናሉ። ሌሎቹ ተደራጅተው ብሎኬት ማምረት ይጀምራሉ፤ ወይም ቀን እየሠሩ ማታ ወደ ዲግሪ ይቀጥላሉ።