ጦሳ ሰማዩን አይከልልም

ሰሞኑን ከቻናሌ ተከታታዮች አንዱ ያን የታወቀ ፎቶግራፍ ላከልኝና «ይኼ የት ነው የተነሣው? ጃንሆይስ እንዴት ሳይፈሩ ረገጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። ፎቶውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መሬት ላይ የተጋደመ፣ ያልፈነዳ የጣሊያን ቦምብ በአንድ እግራቸው ረግጠው ቆመዋል። እኔም «ደሴ ነው፤ 1928 ዓ.ም.» ብዬ ባጭሩ መለስኩለት። መልሱን ከላክሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ ተምሬ፣ ከተማዬ በአውሮፕላን የተደበደበችበትን ቀን በስሙ ጠርቶ የነገረኝ አስተማሪ አላስታውስም። ስለ አድዋ መድፍ በቃሌ ስወጣ፣ በገዛ ሰፈሬ ላይ ስለወረደው ቦምብ ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ታገሡኝ።

ደሴን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ መሬቷን ላሳየው። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል አሉ፤ ከተማዋ በሁለቱ መካከል እንደ እንቁላል በእፍኝ ተይዛ ተቀምጣለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ በመኪና ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ብቻ ትርቃለች፣ ግን ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ። ሐረጎን በአውቶቡስ የወጣ ሰው ጆሮው ሲደፈንና አየሩ ሲቀዘቅዝ ያውቀዋል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው አድርገው ሲያደራጇት ይህን መሬት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዚያ ዘመን ጦር ማለት በእግርና በበቅሎ የሚሄድ ነው። ወደ ደሴ የሚመጣ ጠላት በጥቂት በሮች ብቻ መግባት ነበረበት፤ በሮቹን የያዘ ሰው ደግሞ ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ተራራ ማለት ያኔ በነፃ የተገኘ ግንብ ነበር።

ይህን ግንብ ዋጋ ቢስ ያደረገው መሣሪያ የተወለደው ግን ከኛ ርቆ፣ ሊቢያ በረሃ ላይ ነው። በ1904 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጁሊዮ ጋቮቲ የሚባል ጣሊያናዊ አብራሪ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ እንኳ የማይሞሉ አራት ቦምቦች በአውሮፕላኑ ይዞ ተነሣ። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በሌላው ቦምቡን እያዘጋጀ፣ ትሪፖሊ አጠገብ በሠፈሩ ሰዎች ላይ በየተራ ጣላቸው። በዓለም ታሪክ በጦርነት ላይ ከአውሮፕላን ቦምብ ሲጣል ያ የመጀመሪያው ነበር። ያቺ በእጅ የተወረወረች ነገር በ24 ዓመት ውስጥ ምን ደረጃ እንደደረሰች ያየችው ደሴ ናት።

ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደሴ የገቡት ከድብደባው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ነበር። የሰሜኑ ጦር የሚመራው ከዚያ ስለሆነ ከተማዋ በሠራዊት፣ በመኳንንት፣ በውጭ አገር ጋዜጠኞችና በፎቶ አንሺዎች ተጨናንቃ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት፣ የጣሊያን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከተራሮቹ በላይ ብቅ አሉ። ጣሊያን በዚያ ጦርነት ዋና አድርጎ የተጠቀመባቸው ካፕሮኒ የሚባሉትን ነበር። ከነዚህ የሚበዙት ክንፋቸው ከላይ የሆነ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላኖች ናቸው። ዛሬ ብናያቸው ዘገምተኛ እንላቸዋለን፤ የሚያባርራቸው ተዋጊ አውሮፕላን በሌለበት ሰማይ ላይ ግን መፍጠን አያስፈልጋቸውም። ኢትዮጵያ ያኔ በጣት የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ነበሯት፣ የሚበዙትም መልእክትና ሰው ማመላለሻ ነበሩ። የመጀመሪያው ፖቴዝ አዲስ አበባ ያረፈው በ1921 ዓ.ም. ስለሆነ አየር ኃይሉ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር።

የወረደው ቦምብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፈንጂ ነው፤ መሬት ሲነካ ይፈነዳና ብረቱን ይበትናል። ሁለተኛው ተቀጣጣይ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ሆኖ በብዛት ይረጫል፤ ሥራውም ማቃጠል ብቻ ነው። የደሴ ቤቶች የሚበዙት ያኔ ሣር ክዳን እንደነበሩ አስቡ። ኅዳር መጨረሻ፣ ዝናቡ ካቆመ ሰነባብቷል፣ ሣሩ ደርቋል። አንድ ጎጆ ከተያያዘ ነፋሱ የቀረውን ይጨርሰዋል። ይህን መሣሪያ የመረጠ ሰው ወታደር የሚቀመጥበትን ምሽግ አስቦ አልመረጠውም። ምሽግ አይቃጠልም። የሚቃጠለው እናት ልጇን ይዛ የምትተኛበት ጎጆ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ነገር ግን የመሣሪያ ታሪክ የሚወድ ሰው ዒላማው ማን እንደነበረ መዝለል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

በአድቬንቲስት ሚሲዮን የሚተዳደረው፣ የአሜሪካኖች ይባል የነበረው ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት ከላይ እንዲታይ ተደርጎበት ነበር። እሱም ተመታ። ሐኪሞቹ ቁስለኛ እያከሙ የተቃውሞ ቴሌግራም ፈርመው ወደ ጄኔቭ፣ ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ላኩ። ጋዜጠኞቹም በቦታው ስለነበሩ ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። አውሮፕላኖቹ ግን በማግሥቱ ቅዳሜም ተመለሱ።

አሁን ወደ ፀረ አውሮፕላኑ መሣሪያ ልምጣ። በዕለቱ ደሴ የነበሩ ጋዜጠኞች ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ መተኮሳቸውን ዘግበዋል። በሌላ የታወቀ ፎቶግራፍ ደግሞ ከኦርሊኮን ኋላ ሆነው ሲያልሙ ይታያሉ። ኦርሊኮን የስዊዝ ሥሪት ነው፤ አፉ 20 ሚሊ ሜትር፣ በራሱ እየጎረሰ የሚተኩስ ፈጣን መሣሪያ ነው። ጥይቱ ተራ ጥይት ሳይሆን ሲመታ የሚፈነዳ ትንሽ ዓረር ነው። በዘመኑ ጥሩ የሚባል መሣሪያ ነበር። ታዲያ ለምን ካፕሮኒዎቹን አላረገፋቸውም?

ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ አውሮፕላን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ በሰከንድ 55 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዓረሩ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስድበታል። በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑ ከ80 ሜትር በላይ ሄዷል። ስለዚህ ተኳሹ አውሮፕላኑን አይቶ አውሮፕላኑን ቢያልም የሚመታው ባዶ ሰማይ ነው። ከፊቱ፣ ከኳስ ሜዳ ርዝመት ትንሽ በሚያንስ ርቀት ላይ፣ ገና ምንም የሌለበትን ቦታ ማለም አለበት። ከዚያ ላይ የአውሮፕላኑን ከፍታ፣ የሚዞርበትን አቅጣጫና ነፋሱን ጨምሩ። ለዚህ ወራት የሚፈጅ ልምምድ፣ ርቀት መለኪያ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ መድፍ በአንድ ላይ መተኮስ ያስፈልጋል። ከተማው የነበረው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ይህን ሙያ ለመማር የተሰጠውም ጊዜ አጭር ነው። የደፈረ አልጠፋም። ጎበዝ አዳኝ፣ የሮጠች ድኩላ የማይስት ሰው፣ ወሎ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ድኩላ ግን በሰከንድ 55 ሜትር አትሮጥም።

አንድ ቀን ጦሳ ላይ ወጥቼ ይህንኑ እያሰብኩ ቁልቁል ከተማውን አየሁ። ከላይ ሆኖ ደሴን ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ የመስጊዱ አዛን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ ሁሉም ወደ ላይ ይመጣል። የያንዳንዱ ቤት ጣሪያ ይለያል። ያኔ ነው የገባኝ። ከእግረኛ የሚከልለን ያ ገበታ የመሰለ ሸለቆ፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ተዘርግቶ የተሰጠ ካርታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ጦራችን መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተሸነፈ። ጣሊያኖች ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ገቡ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮም ከደሴ ተነሥቶ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። በመሣሪያ ታሪክ ይህን ሰልፍ ብዙ ሰው አያነሣውም፤ እኔ ግን ከታንኩ ይልቅ ጦርነቱን የጨረሰው የጭነት መኪናው ነው እላለሁ። ጠርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ነበር፤ ዝናቡ መሬቱን ጭቃ አድርጎታል፤ መኪናውን ወታደሩ በትከሻው እየገፋ አሳለፈው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። የጣሊያን ፊያቶች ዘር በአገራችን ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ ዓመት እህልና ጨው ሲጭን ኖሯል፤ ትሬንታ ኳትሮ የሚለውን ስም ከሽማግሌ ሹፌሮች የሰማችሁ ትኖራላችሁ።

አምስት ዓመት አለፈ፤ የጦሳና የሐረጎ ነገር ተገለበጠ። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ የጣሊያን አየር ኃይል በምሥራቅ አፍሪካ ተመትቶ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። አዲስ አበባን የለቀቀው ጦራቸው ኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ መድፉን ተክሎ ተቀመጠ። ኮምቦልቻን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአሰብ በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድና ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው። የኮምቦልቻ ልጆች ዛሬም ከተማቸው የኢንዱስትሪ ከተማ የሆነችበትን ምክንያት ስትጠይቋቸው ያንኑ መጋጠሚያ ነው የሚያሳዩአችሁ።

ከእንግሊዝ ጦር ጎን የተሰለፈው፣ በብርጋዴር ዳን ፒናር የሚመራው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ሚያዝያ 9 ገደማ ከዚያ ደረሰ። ማርሞን ሄሪንግተን የሚባል፣ በፎርድ ሻንሲ ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገጠመ ብረት ለበስ መኪና ነበራቸው። በረሃ ላይ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ያስኬዳቸው እሱ ነው። እዚህ ግን መኪናው ቆመ። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ገደል፣ ጫፉ ላይ መድፍ። ብረት ለበስ ሐረጎን ከፊት ለፊት አይወጣም። የተደረገው ንጉሥ ሚካኤል ቢኖሩ የሚያዝዙት ዓይነት ነገር ነው፤ ወታደሩ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ኮረብታውን ወጣ፤ መሬቱን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን አርበኞች ደግሞ በጎን ዞሩ። ውጊያው ቀናት ፈጀ፤ ኮረብቶቹ ሚያዝያ 14 ተያዙ። ደሴም ሚያዝያ 18 እጇን ሰጠች፤ ወደ 8,000 የሚጠጋ ወታደርም ተማረከ። የአርበኞቹን ድርሻ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል። ገደሉን ላየ ሰው ግን አንድ መስመር አይበቃም።

እንግዲህ ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ጃንሆይ የረገጡት ቦምብ ለምን አልፈነዳም? በዘመኑ ብዙ ቦምቦች አፍንጫቸው ላይ ትንሽ ውልብልቢት ነበራቸው። ቦምቡ ሲወድቅ ነፋሱ ውልብልቢቱን ያሽከረክረዋል፤ እሱም እየተፈታ ሄዶ ውስጥ ያለውን መርፌ ነፃ ያወጣዋል። መርፌው ነፃ ከሆነ በኋላ መሬት ሲመታ ቀስቃሹን ይወጋል፤ ፍንዳታው ከዚያ ይመጣል። ቦምቡ ከቅርብ ከተጣለ ውልብልቢቱ ፈትቶ ሳይጨርስ መሬት ይደርሳል። ለስላሳ አፈር ላይ ካረፈ ወይም በጎኑ ከወደቀም መርፌው ሳይወጋ ሊቀር ይችላል። ዝም አለ ማለት ግን ሞተ ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው ፈንጂ እንዳለ አለ፤ መርፌውም በክር ጫፍ ያህል ርቀት ላይ ቆሟል። ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ብረቱ ይዝጋል፤ ክሩ ይላላል፤ ይብስበታል እንጂ አይቀልለውም። ፎቶውን ሳየው ጀግንነታቸው ይታየኛል፤ አብሮ ግን ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

የሚንቦጫቦጭበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ኮምቦልቻ አቅራቢያ ገጠር ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቡና አፍልታ፣ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው አንድ ነገር ወስዳ አስደገፈችው። ክንድ የሚያህል፣ ከፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ ከኋላው ክንፍ ያለው ብረት። ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «አክስቴ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። «ልጆቹ ከማሳ ዳር አምጥተውት ነው፤ ከባድ ነው፣ በሩን ጥሩ ይይዛል» አለችኝ። የሞርታር ዓረር ነው። ክረምት ከበጋ፣ ልጆች እየዘለሉት፣ እሷም እየጠረገች ሸርተት እያደረገችው ኖሯል።

አልነካሁትም። ሰዉን በጓሮ በኩል ከቤት አስወጣሁ፤ ከብቱን ከግቢ አስለቀቅን፤ ጎረቤቱን አስጠነቀቅን፤ ቀበሌና ፖሊስ ጋ ደወልን። ሁለት ሌሊት ከጎረቤት ቤት አደርን፤ አንድ ጎረምሳ መንገዱ ዳር ቆሞ ልጅ እንዳያልፍ ይጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባለሙያዎች መጡ። በአሸዋ ከበው፣ ሰው አርቀው፣ ቀስ ብለው አነሡት። አክስቴ ከሩቅ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታያቸው ነበር። አሁን በሩን የምታስደግፈው ልጆቿ ከወንዝ ባመጡላት ድቡልቡል ድንጋይ ነው።